ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተፈትሾ የተገኘ ማስረጃ ውድቅ ነው?

ብዙ ሰው «አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰው የሚያምታታቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 19(5) የተያዘ ሰው ስለሚሰጠው ቃል ነው። ማንም በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ተደብድቦ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ያለ ሰው በዚያ ቃሉ ሊፈረድበት አይገባም። እዚህ ላይ ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው።

አንቀጽ 26 ደግሞ ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ከብርበራ ይጠብቃል። ግን ይህ ተጥሶ የተገኘው ዕቃ ምን ይሁን? አንቀጹ ዝም ይላል። ክርክሩ የሚነሳውም ከዚሁ ዝምታ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ ውጤቱ ያልተነገረ ክልከላ በቀላሉ ይጣሳል።

ዝርዝሩ ያለው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ነው። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት። ለተሰረቀ ቴሌቪዥን የወጣ ትእዛዝ የግል ደብዳቤዎን ለመውሰድ አያገለግልም። ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ሰዓቱም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ነው። እርግጥ ፖሊስ ያለ ትእዛዝ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪውን እግር በእግር ሲከተል።

የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ከተቻለም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። እባካችሁ ይህን ዝርዝር በደንብ አንብቡት። እዚያ ላይ ያልሰፈረ ዕቃ በኋላ ችሎት ከቀረበ፣ ጠበቃችሁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው።