ሳይቃጠል በቅጠል፦ ትርጉሙና በሴል ውስጥ ያለው ፒ53

ይሄን አባባል የማያውቅ የለም። ነገሩ ሳይብስ ቶሎ ድረስበት ለማለት ነው። መነሻውን ቃላቱ ራሳቸው ይናገራሉ፦ እሳት ገና ሣር ላይ ሲለኮስ ለምለም ቅጠል ባለው ቅርንጫፍ ቢመቱት ይጠፋል፣ ከተዛመተ በኋላ ግን ያው ቅጠል ማገዶ ይሆናል። «ቃጠሎ» እና «ቅጠል» ደግሞ በፊደል ወንድማማች ናቸው፤ አባባሉ ከአፍ የማይጠፋው ለዚህም ይመስለኛል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ። አባባሉ «እሳት አይነሳ» አይልም። እሳቱማ ተነስቷል።

ካንሰርም ላይ እንዲሁ ነው። ዲኤንኤያችን፣ ማለትም በየሴሉ ያለው የዘር መመሪያ፣ በየቀኑ ይጎዳል፤ በፀሐይ ጨረር፣ በሲጋራ ጭስ፣ ሴል ሲከፈል በሚፈጠር የቅጂ ስህተት። ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው። በደህናው ጊዜ ሴል ውስጥ ብዙ አይገኝም፣ ምክንያቱም ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየያዘ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ጉዳት ሲደርስ ግን ከዚህ ይላቀቅና ይጠራቀማል፤ አራት አራት ሆኖ ዲኤንኤው ላይ ያርፍና ሌሎች ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። አንደኛው የፒ21 ጂን ነው፣ ጥገናው እስኪያልቅ ሴሉ እንዳይከፈል ያቆመዋል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነስ? ያኔ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርጉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ዕጢ ሊሆን ይችል የነበረው ሴል እዚያው ይቀራል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ታሪኩ ነው። ፒ53 እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ተመራማሪዎቹ ካንሰር አምጪ መስሏቸው ነበር። ለካ በቤተ ሙከራ ሲያጠኑት የኖሩት የተበላሸውን ቅጂ ነው! ደህናው ካንሰርን የሚከላከል መሆኑ የታወቀው በ1989 ነው።

ቅጠሉ ከሌለስ? ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ላይ የፒ53 ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ደግሞ ጂኑን ሳይነካ ፕሮቲኑን ራሱን ያስፈርሳል። የተበላሸውን ጂን ከወላጅ የሚወርሱ ሰዎችም አሉ፤ ሕመሙ ሊ-ፍራውሜኒ ይባላል፣ ብዙዎቹ ገና በልጅነት ወይም በወጣትነት ካንሰር ይይዛቸዋል። ለእነሱ ሐኪሞች በየዓመቱ መላ ሰውነታቸውን በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመክራሉ፣ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ እንዲገኝ።