የአዲስ ዓመት ዕቅድና ክርስቲያን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና ጳጉሜን ላይ ደብተር አወጣሁና 11 ግቦች ጻፍኩ። አልዋሽም። ሰው አላማም። አልቆጣም። ስልክ ይዤ አላመሽም። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ጥቅምት ላይ ደብተሩን ስገልጠው ቀጣዩ ገጽ ላይ ያለው የአስቤዛ ዝርዝር ነው፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና። አስቤዛው ተገዝቷል። ከ11ዱ ግን አንዱም አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቅድ ከወዳጆቼም ከራሴም አፍ የሚወጣውን ማስተዋል ጀመርኩ። አብዛኛው ጥቅስ ይዞ ነው የሚመጣው። የጥቅሱን ዙሪያ ሲያነቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«ዕቅድ ማውጣት እምነት ማጣት ነው፤ እሱ ያውቃል»

እንዲህ የሚል ሰው ሁለት ጥቅስ አያጣም። አንዱ «ለነገ አትጨነቁ» ነው (ማቴ. 6፥34)። ሌላው ያዕቆብ ምዕራፍ 4 ላይ «እንነግዳለን፣ እናተርፋለን» ባዮችን የገሠጸበት ነው። ጌታ ግን አትጨነቁ አለ እንጂ አታስቡ አላለም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረውም ራሱ ነው (ሉቃ. 14፥28)። ያዕቆብም ቢሆን ዕቅዳችሁን ቅደዱ አላለም። «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» በሉ ነው ያለው። «ይህን ወይም ያን» አሁንም አለ። የተወገደው ጉራው ነው።

ነህምያን እዩት። የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደፈረሰ ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ጉዳዩ ንጉሡ ፊት እስኪነሳ አራት ወር ገደማ አለፈ። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው መጀመሪያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ወዲያው ግን ዝርዝሩን አወጣው። መቼ እንደሚመለስ ቀን ቆረጠ። ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የማለፊያ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹ እንጨት እንዲሰጠው ደግሞ የንጉሡን ደን ለሚጠብቀው ለአሳፍ ሌላ ደብዳቤ። የደን ጠባቂውን ስም ሳይቀር ይዞታል! እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ደቂቃ የሚመጣ አይመስለኝም። ኢየሩሳሌም በደረሰ በሦስተኛው ቀን ገደማ ለሹማምንቱ ሳይነግር፣ በሌሊት፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ ፍርስራሹን ዞሮ አየ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። በጸሎቱና በስሌቱ መካከል ግድግዳ የሠራነው እኛ ነን።

«ራእዩን ጻፍ ተብሏል፤ መኪናዬን ጽፌ ለጥፌዋለሁ»

ዕንባቆም 2፥2 ነው። መጻፉን አልጠላሁትም፤ እኔም እጽፋለሁ። ግን ያ ራእይ የነቢዩ የግል ምኞት አይደለም። እግዚአብሔር በጨካኞቹ ከለዳውያን (በባቢሎን ሰዎች) ላይ የሚያመጣው ፍርድ ነው። ከታች አምስት ጊዜ «ወዮ» ይላል። ያለ ግፍ የተሠራ ቤት፣ ያለ ደም የተቆረቆረ ከተማ የሚመኝ ሰው ይህን ምዕራፍ ይለጥፈው። ለመኪናው ሌላ ጥቅስ ቢፈለግ ይሻላል።

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ፤ ስለዚህ የፈለግኩት ይሆናል»

ፊልጵስዩስ 4፥13 ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። ጳውሎስ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ይላል። ደብዳቤውን የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። «ሁሉን» ያለው ጉድለቱንም ጨምሮ ነው።

«ጥሩ ግብ ማለት መጥፎውን መተው ነው»

የኔ ደብተር የወደቀው እዚህ ነው። 11ዱም «ይህን አላደርግም» የሚሉ ናቸው።

ጌታ ስለ ባዶ ቤት የተናገረው ምሳሌ አለ (ማቴ. 12)። ክፉው መንፈስ ይወጣል፣ ቤቱ ይጠረጋል፣ ያጌጣል፣ ግን ማንም አይገባበትም። የወጣው ሰባት ሌሎች አስከትሎ ይመለሳል። ጳውሎስ ኤፌሶን 4፥28 ላይ ለሌባ የሰጠው ምክር ደግሞ ሦስት ነገር ይዟል። አትስረቅ። በእጅህ ሥራ። ለምን? ለጎደለው የምታካፍለው እንዲኖርህ። መተዉ አለ፣ የሚተካው አለ፣ የሚጠቀመው ሰውም አለ። የኔ ዝርዝር ከመጀመሪያው አላለፈም።

«አላማም» የሚለውን እንውሰድ። ቡና ላይ አቦሉ በሰላም ያልፋል። ቶና ላይ ስንደርስ የሆነ ሰው ስም ይነሳል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። «አላማም» ያለ ሰው ያን ጊዜ አፉን ምን ያድርገው? ዘንድሮ እንዲህ ብዬ ቀየርኩት፦ ስሙ የተነሳውን ሰው በዚያው ሳምንት እደውልለታለሁ። ስልክ እንደምትደውልለት የምታውቀውን ሰው ማማት ይከብዳል፤ ሞክሩት። «ስልክ ይዤ አላመሽም» የሚለውም «ከራት በኋላ ስልኩ ኮመዲኖ ውስጥ ይገባል፣ ለልጄ አንድ ታሪክ አነባለሁ» ሆነ። ልጅቷ ራሷ ነች የምትቆጣጠረኝ።

«መንፈሳዊ ግብ ጾምና ጸሎት ነው፤ ሌላው ዓለማዊ ነው»

የእቁብ ገንዘብን በቀኑ መክፈል ግብ አይሆንም ያለው ማን ነው? ዳኛው ጋ የሚጠብቁት ሰዎችም ባልንጀሮች ናቸው።

«ካልተሳካ ፈቃዱ አልነበረም ማለት ነው»

ሊሆን ይችላል። ስንፍናም ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን ማየት የኛ ሥራ ነው። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች ብዙ ጊዜ ሊመጣ አስቦ እንደተከለከለ ጽፎላቸዋል። ግን ማቀዱን አልተወም። በሮም በኩል አልፎ እስጳንያ (ስፔን) ሊሄድ እንዳሰበም ነገራቸው። በኋላ ሮም የገባው እስረኛ ሆኖ ነው። በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር። እስጳንያ ይድረስ አይድረስ የሐዋርያት ሥራ አይነግረንም። መጽሐፉ የሚያልቀው እዚያው ኪራይ ቤት ውስጥ ነው።