ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ እንዳይዞር የሚደረግ የድድ ክሮች ቀዶ ሕክምና እና የሌዘር አጠቃቀም

የድድ ክሮች ቀዶ ሕክምና በብሬስ (ጥርስን በሚያስተካክል የሽቦ ማሰሪያ) የተስተካከለ ጥርስ፣ በተለይም ዞሮ የነበረ ጥርስ፣ ወደ ቀድሞ አቀማመጡ እንዳይመለስ ለመከላከል የሚከናወን አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። በሕክምናው የሚቆረጡት በጥርሱ አንገት ዙሪያ ከመንጋጋ አጥንቱ ጠርዝ በላይ የሚገኙት ክሮች ናቸው። ለረጅም ዘመን በቀጭን የቀዶ ሕክምና ምላጭ ብቻ ሲሠራ ቆይቶ ከጊዜ በኋላ ሌዘርም ጥቅም ላይ ውሏል። መሣሪያው ቢለወጥም የሕክምናው መሠረተ ሐሳብ ያው በመሆኑ፣ የሌዘሩን ፋይዳ የሚመዝን ሰው በምላጩ ዘመን የተከማቸውን ዕውቀት ሳያይ ማለፍ አይችልም።

ጥርስ ከአጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙ ክሮች አሉ፤ ከአጥንቱ ጠርዝ በላይ ደግሞ ጥርሱን ከድዱና ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚያስተሳስሩ ሌሎች ክሮች ይገኛሉ። ብሬስ ጥርስን ሲያዞር ሁሉም ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ አዲሱን አቀማመጥ የሚለምዱት ግን በእኩል ፍጥነት አይደለም። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይደራጃሉ። የድዱ የኮላጅን ክሮች ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጅባቸዋል፤ የመለጠጥ ባሕርይ ያላቸው የድድ ክሮች ደግሞ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ጥርሱን ወደ ኋላ ሊስቡ ይችላሉ። ችግሩ ያለው በእነዚህ ዘገምተኛ ክሮች ላይ ነው።

ለዚህ ግንዛቤ መሠረት የጣለው ኖርዌያዊው ተመራማሪ ካሬ ራይታን እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ጥናት ነው። ራይታን የውሾችን ጥርስ አዙሮ በአዲሱ ቦታቸው ካቆየ በኋላ በዙሪያቸው ያለውን ሥጋ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ ከአጥንቱ በላይ ያሉት ክሮች ከ232 ቀናት በኋላም እንደተወጠሩና ከቦታቸው እንደተዛነፉ አገኛቸው። ቀጥሎ የመጣው የጆን ኤድዋርድስ ሥራ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከእርሱ የሚስተካከል ትዕግሥት ያሳየ ተመራማሪ ማግኘት ያስቸግራል። ኤድዋርድስ በ1968 ባወጣው ጥናት በውሾች ድድ ላይ የቀለም ነጥቦችን በንቅሳት አስቀምጦ ጥርሱን ሲያዞር፣ ነጥቦቹ ጥርሱን ተከትለው በዞረበት አቅጣጫ ተጓዙ፤ ድዱ ከጥርሱ ጋር አብሮ እንደሚጎተት በዓይን ታየ። በ1970 የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ ይፋ አደረገ። ከዚያም 320 ሕሙማንን ለ15 ዓመታት ገደማ ተከታትሎ በ1988 ባሳተመው ዘገባ፣ ክሮቹ የተቆረጡላቸው ጥርሶች ካልተቆረጡላቸው በግልጽ ያነሰ እንደተመለሱ አሳየ። ጥቅሙ ከታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ይልቅ በላይኞቹ ላይ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከመዘንበል ይልቅ በመዞር ላይ ጎልቶ ታይቷል። በድዱ ላይም ለሕክምና የሚያሰጋ ጉዳት አልተገኘም።

ክሮቹ በእርግጥ ተወጥረው ይቀመጣሉ ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ሬድሊክና ባልደረቦቹ በ1996 በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከመወጠር ይልቅ የተበጣጠሱና የተዘበራረቁ ክሮችን ከበዙ የመለጠጥ ክሮች ጋር አይተዋል። ይህ ግኝት የማብራሪያውን ዝርዝር ቢነካም የቀዶ ሕክምናውን ጥቅም አይሽረውም።

አሠራሩ አጭር ነው። ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ምላጩ በድዱ ጠርዝና በጥርሱ መካከል ባለው ስርጥ ገብቶ እስከ አጥንቱ ጠርዝ ይወርዳል፤ ይህም ከድዱ ጠርዝ በአብዛኛው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የጥርሱን ዙሪያ ተከትሎ ይቆርጣል። ድዱ የሳሳ ከሆነ በፊት ለፊት ያለው ቁርጥ ይቀራል፤ አለበለዚያ ድዱ ሊሸሽ ይችላል። በዚህ ፈንታ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለውን የድድ ጫፍ፣ ጠርዙን ሳይነኩ፣ በቁመት መሰንጠቅም ሌላ አማራጭ ነው። ስፌትም ሆነ ማሸጊያ አያስፈልግም።

በሌዘር ሲሠራ በምላጩ ቦታ ቀጭን የጨረር ጫፍ በዚያው ስርጥ ይገባል። የሌዘሩ ዓይነት ግን ወሳኝ ነው። ከ810 እስከ 980 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት የሚሠሩት የዳዮድ ሌዘሮች በደምና በቀለም ሰጪ ቅንጣቶች ስለሚዋጡ እየቆረጡ ደሙን ያረጋሉ፤ በዚህም ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ በጠራ ሁኔታ ያያል። በ2940 ናኖሜትር የሚሠራው ኤርቢየም ያግ የተባለው የሌዘር ዓይነት በውሃ ስለሚዋጥ ለአካባቢው የሚተርፈው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ በአንጻሩ ደም በማርጋት ከዳዮዱ ያንሳል፣ አጥንትንና የጥርስ ሥርንም ሊበላ ስለሚችል አቅጣጫውን መጠበቅ ይጠይቃል። አጥንት በ47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ደቂቃ ከቆየ ሊጎዳ እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ የዳዮዱን ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አቁሞ መተኮስ አይገባም። ሐኪሙ፣ ረዳቱና ታካሚው ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ማድረግ አለባቸው።

የሌዘሩ ማስረጃ ከምላጩ ጋር ሲነጻጸር ገና ወጣት ነው። በ2010 የኮሪያ ተመራማሪዎች በቢግል ውሾች ላይ፣ በ2014 ደግሞ የኢራን ተመራማሪዎች በ24 ሕሙማን ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች፣ በሌዘር የተቆረጡ ክሮች እንደ ምላጩ ሁሉ የጥርስን መመለስ እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። የሰዎቹ ክትትል ግን ወር ያህል ብቻ ነበር። ሳይቆርጥ ሥጋን የሚያነቃቃው ደካማ ሌዘር ላይ ሁለቱ ጥናቶች አይስማሙም፤ በውሾቹ የመመለሱን መጠን ሲያባብስ፣ በሰዎቹ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ቀንሶታል። የአሰጣጡ መጠን ልዩነት ሳይሆን አይቀርም ምክንያቱ፤ ሆኖም ነገሩ እልባት አላገኘም።

የድድ ብግነት ባለበት ወይም የአፍ ንጽሕና በጎደለበት ሰው ይህ ሕክምና አይደረግም። ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው ብሬሱ ከመነሳቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ነው፤ ብሬሱ በሚነሳበት ዕለት ከሆነም ሪቴይነር (ጥርሱን በአዲሱ ቦታው የሚይዝ መሣሪያ) ወዲያውኑ መግባት አለበት፤ ምክንያቱም ጥርሱ ድዱ እስኪድን ቀጥ ብሎ ካልተያዘ አዲሶቹ ክሮች በተዛነፈው አቀማመጥ ይደራጃሉ። ከዚያም በኋላ ሪቴይነር አይቀርም። የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ከዓመታት በኋላ የሚጣበቡት በድድ ክሮች ሳቢያ ብቻ ስላልሆነ፣ ምላጭም ሆነ ሌዘር ያንን አያስቀርም።