በ«45-70» ውስጥ 70ው ምንድን ነው?

በአሮጌ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ቀለህ መልሰው የሚሞሉ ሰዎችን ከሁሉ የሚያምታታቸው ይህ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 ለታጠቀው ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የተሠራው ጥይት «45-70-405» ይባል ነበር። 45ቱ የአረሩ ውፍረት በኢንች መቶኛ ነው። 405ቱ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ከግራም በሚያንስ መለኪያ፣ ሲሆን ወደ 26 ግራም ይጠጋል። 70ውም ግሬን ነው፤ 4.5 ግራም ያህል ባሩድ።

የትኛው ባሩድ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የወጣው ጭስ አልባው ባሩድ ሳይመጣ ስለሆነ የሚናገረው ስለ ጥንቱ ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። ጭስ አልባው በጥቂቱ ብዙ ጉልበት አለው፤ እሱን 70 ግሬን የሞላ ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ጥቁሩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ በእሱና በአረሩ መካከል ክፍት ቦታ መቅረት የለበትም።

የእኛው ውጅግራም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፦ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ፣ የእ.ኤ.አ. 1874 ሥሪት፣ ለጥቁር ባሩድ የተበጀ።

ዛሬ የሚሸጥ የጥይት ሳጥን ላይ «45-70» ተጽፎ ቢታይም፣ አንዳንዱ ለአዲስ ጠንካራ ጠመንጃ የተሞላ ነውና አሮጌው አይችለውም።