አዋኪ ተቃውሞ በምክክራዊ ዴሞክራሲ ውስጥ ምን ቦታ አለው?

ምክክራዊ ዴሞክራሲ የሚባለው አስተሳሰብ፣ አንድ ሕግ ቅቡልነት የሚያገኘው ብዙ ድምፅ ስላገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ምክንያታቸውን አቅርበውና የሌላውን ምክንያት ሰምተው ሲመክሩበት ነው ይላል። ሐሳቡን በስፋት ያዳበረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሀበርማስ፣ በምክክር ውስጥ ሊያሸንፍ የሚገባው ኃይል የተሻለው ክርክር ኃይል ብቻ ነው ሲል ሞግቷል። ስለዚህ መንገድ የሚዘጋ፣ ስብሰባ የሚያቋርጥ ወይም አዳራሽ ይዞ አልወጣም የሚል አዋኪ ተቃውሞ፣ በክርክር ፋንታ ጫና ስለሚጠቀም ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የሚጋጭ ይመስላል።

ይህ መከራከሪያ ግን ሁሉም ሰው በምክክሩ ላይ ወንበር እንዳለው አስቀድሞ ይገምታል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ዉልዎርዝ ከተባለው መደብር ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ከዚያም ለነጮች ብቻ በተፈቀደው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። እዚያው መደብር ውስጥ ገንዘባቸውን የተቀበላቸው ሰው ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ግን የሚያስተናግዳቸው ጠፋ። መደብሩ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም፤ በማግሥቱም ከሌሎች ጋር ተመለሱ። ወንበሮቹ ተይዘው ንግዱ እየተጎዳ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በጁላይ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። የእነዚህ ወጣቶች ምክንያት ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር፤ የጎደለው እሱን ለመስማት የሚገደድ ጆሮ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ተግባር ዓላማ ለመደራደር እንቢ ያለውን ወገን ወደ ድርድር ማምጣት መሆኑን አስረድቷል።

በእኔ እምነት መለያው መስመር እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለውን ባለሥልጣን እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ ረብሻ ምክክሩን ሲያሰፋ፣ እኩል የመናገር መብት ያለውን ሰው በጩኸት አፉን የሚያስይዝ ረብሻ ግን ያጠበዋል። ተቃዋሚው ጥያቄውን በግልጽ ማስረዳቱና በሩ ሲከፈትለት ገብቶ ለመነጋገር መዘጋጀቱም መታየት አለበት። የፖለቲካ ፈላስፋዋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ ደግሞ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን የመነጋገሪያውን አጀንዳ አስቀድመው የቀረጹት ባለጉልበቶች ከሆኑ፣ ከውጭ ሆኖ መቃወም ራሱ ለምክክሩ የሚበጅ አስተዋጽኦ ሊሆን እንደሚችል ሞግታለች።

ስጋቷ መሠረት አለው። በፈረንሳይ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ዜጎች በነዳጅ ግብር ተቆጥተው ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ አደባባዮችን ሲዘጉ፣ መንግሥት በመጀመሪያ አገር አቀፍ ውይይት ጠራ፤ ቀጥሎም በዕጣ የተመረጡ 150 ዜጎች ስለ አየር ንብረት እንዲመክሩ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤተኞቹ ለወራት መክረው ያቀረቧቸው ሐሳቦች ብዙዎቹ ተሸራርፈው ወደ ሕግ ረቂቅ በመግባታቸው፣ በ2021 መንግሥት ለሐሳባቸው የሰጠውን ምላሽ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ በአማካይ ከ10 የሰጡት 3.3 ነበር።