ሰው ለምን መንገድ ይጠፋበታል? ስለ አእምሮና ስለ ከተማ ፕላን የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ቀጥ ያለ መንገድና የቤት ቁጥር ይበቃል፤ በምልክት መጠቋቆም ኋላ ቀርነት ነው።»

አይበቃም። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት 60 ያህል የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ሰዎች ከተማቸውን ከትዝታቸው እንዲስሉ ተጠይቀው ነበር። የመሐል ሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፤ ሰዎቹ ግን ጎን ለጎን ያሉትን ያምታቱ ነበር፣ ይመሳሰላሉና። አእምሮ የሚይዘው አምስት ነገር ሆኖ ተገኘ፦ መንገድ፣ ወሰን (ወንዝ ወይም ሐዲድ)፣ ሰፈር፣ መገናኛ (አደባባይ ወይም መስቀለኛ መንገድ) እና ጎልቶ የሚታይ ምልክት። የአዲስ አበባ ሰው «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ» ሲል የሚጠቀመው እነዚህኑ ነው።

ስለዚህ ነባር ሰፈር ከመነካቱ በፊት ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ ነዋሪዎች ባዶ ወረቀት ይሰጥና ሰፈራቸውን ይሳሉ። የታተመ ካርታ አስቀድሞ ማሳየት ሥራውን ያበላሻል፤ ያዩትን ይገለብጣሉ። በብዙዎቹ ሥዕል ላይ የተደጋገመው ዛፍ፣ ድልድይ ወይም የድሮ ሕንፃ መትረፍ አለበት። ምልክቱ ሲጠፋ ስሙ ብቻ ይቀራል፤ ሰባራ ባቡር ዛሬም ሰባራ ባቡር ይባላል፣ እንግዳ ሰው ግን የሚያየው ባቡር የለም።

«ካርታ ሁልጊዜ ሰሜንን ወደ ላይ ማድረግ አለበት።»

ለአትላስ እውነት ነው፣ መንገድ ዳር ለቆመ ካርታ ግን ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሼፓርድና ሜትዝለር እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳዩት፣ ምስልን በሐሳብ ማዞር ዞሩ በሰፋ ቁጥር ጊዜ ይወስዳል። ወደ ደቡብ ዞሮ የቆመ እግረኛ ሰሜን ወደ ላይ የሆነ ካርታ ቢያይ በእሱ ቀኝ ያለው ሕንፃ ካርታው ላይ በግራ ነው፤ ተቃራኒውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። የለንደን የእግረኛ ካርታዎች አንባቢው የሚያየው አቅጣጫ ወደ ላይ እንዲሆን የተሠሩት ለዚህ ነው። አንድ ካርታ አባዝቶ በየቦታው መለጠፍ ርካሽ ነው፣ ግን አይሠራም፤ ካርታ ለሚለጠፍበት ለእያንዳንዱ ምሰሶ ፊት የራሱ ይታተም። የ5 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ 400 ሜትር ገደማ፣ በክብ ይሰመርበት።

«ጠቋሚ ሰሌዳ በበዛ ቁጥር ይሻላል።»

አይሻልም። በማዕከላዊ ለንደን እነዚህ የእግረኛ ካርታዎች ያሉበት አዲሱ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት 32 ዓይነት የእግረኛ ጠቋሚ ሰሌዳዎች ነበሩ። ሰሌዳ የሚያስፈልገው ሰው በሚወስንበት ቦታ፣ መንታ መንገዱ ላይ ነው። አንዴ የተጻፈ መድረሻ ደግሞ እስኪደረስ ድረስ በየመታጠፊያው ይደገም፤ መሐል ላይ ከጠፋ እግረኛው ያለፈ መስሎት ይመለሳል።