ቻርተር ስኩል ምንድን ነው? ልጅ ለሚያስመዘግቡ የዲሲ ወላጆች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ቻርተር ስኩል የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ነው። አንዱ «የግል ነው፣ ይከፈልበታል» ይላል። ሌላው «ጎበዝ ልጆች ተፈትነው የሚገቡበት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በዚህ ወሬ የተነሳ ሳያመለክቱ የሚቀሩ ወላጆች አሉ። ያለ ክፍያ የቀረበ ዕድል እንዲህ ሲያልፍ በጣም ያሳዝነኛል።

ቻርተር ስኩል የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ገንዘቡ ከግብር ይመጣል፤ የከተማው ነዋሪ ለትምህርቱ የሚከፍለው የለም። የመግቢያ ፈተናም የለውም። ልዩነቱ አስተዳደሩ ላይ ነው። ሌሎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመሩት ከላይ በከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ቻርተሩን ግን የራሱ ቦርድ ያለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል። መምህራኑን ራሱ ይቀጥራል፤ በሞንቴሶሪ (ልጁ በራሱ እየሠራ በሚማርበት ዘዴ) ልሂድ፣ በሁለት ቋንቋ ላስተምር፣ የትምህርት ቀኑን ላርዝም ብሎ ይወስናል።

ለዚህ ነፃነት ውል ይፈርማል። ዲሲ ውስጥ ውሉ ለ15 ዓመት ነው፤ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል። ገምጋሚው የዲሲ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ነው። ቦርዱ ውሉን ያላከበረውን የመዝጋት ሥልጣን አለው፤ ዘግቶም ያውቃል።

ሐሳቡን በ1988 ገፍተው ወደ አደባባይ ካወጡት አንዱ አልበርት ሻንከር ነበር፤ የመምህራን ማኅበር መሪ። መምህራን አዲስ ዘዴ የሚሞክሩበት ትምህርት ቤት ይኑር ነበር ያለው። ኋላ ነገሩ ካሰበው መንገድ ሲወጣበት ራሱ ተቃዋሚ ሆነ። የመጀመሪያውን ሕግ ሚኒሶታ በ1991 አወጣች፤ በቀጣዩ ዓመትም የመጀመሪያው ቻርተር ሴንት ፖል ከተማ ላይ ተከፈተ። የዲሲን ሕግ ኮንግረስ ያጸደቀው በ1996 ነው። ዛሬ በዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቻርተር ውስጥ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ግን ቻርተር ጥቂት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹም ባልቲሞር ናቸው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሰው የዲሲው ወሬ ብዙም አይሠራለትም።

ክርክሩም አለ። በጀቱ ልጁን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ ልጆች ወደ ቻርተር ሲሄዱ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በጀት ይቀንሳል። ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ይህንን ነው፤ ስጋታቸውም እውነት አለው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሀብታም ቤት ቀይሮ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ይገባል፤ ደሃውም ምርጫ ይኑረው ይላሉ። እኔ በወላጅ አልፈርድም። ልጁ ዘንድሮ መማር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ቦታ በዕጣ ወደሚሰጥበት ሎተሪ። ልጅዎ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ የሰፈርዎ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ሎተሪ ይቀበለዋል። ለቻርተር፣ እንዲሁም ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ላለው ክፍል)፣ ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የጋራ ሎተሪ ማመልከት ያስፈልጋል። ለፕሪኬ 3 ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ማመልከቻው ክረምት ላይ፣ ዲሴምበር ውስጥ ይከፈታል። ለሃይስኩል ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ለታች ክፍሎች ማርች መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ውጤቱ ማርች መጨረሻ ላይ ይወጣል። ትምህርት የሚጀምረው ኦገስት መጨረሻ ነው። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርት ቤት ማሰብ የሚጀምረው ጁላይ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚፈለጉት ቦታዎች ተይዘዋል።

ቅጹ ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ያኛው ስለማይደርሰኝ ቀላሉን አንደኛ ላድርገው» የሚል አለ። ይህ ዋጋ ያስከፍላል። ሎተሪው የሚሠራበት ስሌት በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለመው ከአልቪን ሮዝ ሥራ የመጣ ነው። ከባድ ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ማስቀመጥ ሁለተኛውን የማግኘት ዕድልዎን አይቀንስም። ስለዚህ ከልብ የሚፈልጉትን ከላይ ይጻፉ። ቀድሞ መሙላትም አይጠቅምም። የመጨረሻው ቀን እስካላለፈ ድረስ በመጀመሪያ ሳምንት የሞላውና በመጨረሻው ሰዓት የሞላው እኩል ናቸው።

አንዲት እናት አምስት ትምህርት ቤት ሞላች እንበል። ልጇ ሦስተኛው ደረሰው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ዌይትሊስት (ተጠባባቂ ዝርዝር) ውስጥ ይገባል። አራተኛውና አምስተኛው ግን ከእጇ ወጡ፤ ከእነሱ የተሻለ አግኝታለችና። ሦስተኛው ጋ ሄዳ እስከ ቀኑ ማስመዝገብ አለባት፤ አለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በማስመዝገቧ ከላይኞቹ ዌይትሊስት አትሰረዝም። በጋ ላይ ከአንደኛው ከተደወለላት ልጁን ማዛወር ትችላለች። ስለዚህ ስልኳን ማንሳት፣ ኢሜይሏንም ማየት አለባት። ታላቅ ወንድም ወይም እህት እዚያው የሚማር ከሆነ ታናሹ ቅድሚያ ያገኛል፤ ይህን ቅጹ ላይ መግለጽ እንዳይረሱ።

ሲመዘገቡ የዲሲ ነዋሪነት ማስረጃ ይጠየቃል፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የደመወዝ ወረቀት፣ እንዲህ ዓይነት ነገር። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ዲሲ ውስጥ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት መኖሩ ነዋሪ አያደርግም፤ የዘመድ አድራሻ መዋስም አይሆንም። ከተማው ይመረምራል፤ ዋና ዐቃቤ ሕጉ ሜሪላንድ እየኖሩ ልጆቻቸውን ዲሲ ያስተማሩ ቤተሰቦችን ከሷል። የሚጠየቀው ገንዘብ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መክፈል ከነበረበት የትምህርት ክፍያ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

የኢሚግሬሽን ወረቀት ግን ማንም ሊጠይቅዎ አይገባም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወረቀት የሌላቸው ልጆችም በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት አላቸው ብሎ ወስኗል፤ ይህ ቻርተርንም ይመለከታል። እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ድጋፍ መስጠት ግዴታቸው ነው። ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ «እኛ ጋ አይሆንም» ብሎ መመለስም ክልክል ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ደግሞ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው ስብሰባ አይግቡ። ስለ ራሱ የሚወራውን ልጅ እንዲተረጉም ማድረግ ከባድ ሸክም ነው።

ቻርተር የሚለው ስም ግን ለጥራት ዋስትና አይደለም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት የቻርተር ተማሪዎች በአማካይ በንባብና በሒሳብ በትንሹ ይበልጣሉ። በኦንላይን የሚያስተምሩት ቻርተሮች ግን በብዙ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አማካይ ስለ ልጅዎ ትምህርት ቤት ምንም አይነግርዎትም። የገንዘብ አቅሙም ይታይ። በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ የሚባል ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በገንዘብ እጥረት ተዘጋ፤ ወላጆች በሩጫ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው። ስለዚህ ሄደው ይዩት። መምህራን በየዓመቱ ይለዋወጣሉ ወይ? ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጁን የሚይዝ ፕሮግራም አለ? ይከፈልበታል? አስተርጓሚ ሲጠይቁ ፊታቸው ምን ይመስላል? መንገዱንም በጠዋት ይሞክሩት። ለአብዛኛው ልጅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም፤ ተማሪዎች በሜትሮና በከተማ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳሉ። የ3 ዓመት ልጅ ግን ብቻውን አይሳፈርም፤ የሚያደርሰው እርስዎ ነዎት፣ ከሥራ በፊት።

ቀኑ ካለፈብዎትም አሁኑኑ ያመልክቱ። ከቀነ ገደቡ በኋላ የሚገባ ማመልከቻ ዌይትሊስቱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ቢሆንም አንዳንድ ትምህርት ቤት ኦገስት ላይም ክፍት ቦታ ይኖረዋል።